የጦይብ ጥፍር

ጦይብ ሰይድ ስልሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ካዛንቺስ ግን የሚያውቀው በጆሮው ነበር። ሰፈሩ ሳይፈርስ በፊት አንዲት ካሴት ቤት ነበረችው፤ በሯ ላይ በቀይ ቀለም «ኦርጅናል ብቻ» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሎ ነበር። ሰሌዳው ከሱቋ ይሰፋ ነበር። ዛሬ ሱቋም መንደሩም የሉም። ጦይብ ኦሎምፒያ አጠገብ ቻርጀርና የጆሮ ማዳመጫ ይሸጣል፤ ዕቃው እንደማይረባ ሳይነግረው ለማንም አይሸጥም።

ዝናው የመጣው እንዲህ ነው። አንድ ሰው «ካሴቱ ይንሿሿል፣ ቀይርልኝ» ብሎ ሲመጣ ጦይብ ይከፍተዋል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል፤ ከዚያ «ይኼ ከእኔ ሱቅ የወጣ አይደለም፣ መርካቶ ነው የገዛኸው» ይለዋል። ሰውየው አፍሮ ይሄዳል። ጦይብ አንድ ቀን እንኳ ተሳስቶ አያውቅም። ካሴትን በድምፁ ብቻ ዘሩን የሚለይ ሰው ተባለ። እኛም አመንን፤ በዚያ ዘመን ለማመን ብዙ አያስፈልገንም ነበር።

ከሁላችን አብልጦ ያመነው ከተማ ነው። ከተማ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጡረተኛ ነው። ማኅተም ያላረፈበትን ነገር አይቀበልም፤ ጦይብን ግን ያለ ማኅተም ተቀበለው። ከሠላሳ ዓመት በፊት አንድ የአምባሰል ካሴት ከእሱ ገዛ። ሦስተኛው ዘፈን ሊጀምር ሲል ኳ ኳ ይላል፤ ከተማም አብሮ ጠረጴዛ ይመታል። የሚስቱ ወንድም ብርሃነ «በእኔ ካሴት ላይ ይህ ኳኳታ የለም» ቢለው፣ «ያንተ ቅጂ ስለሆነ ነው፤ የእኔ ኦርጅናል ነው» ብሎ ተጣላው። የብርሃነ ልጅ ክርስትና ላይ እንኳ አልተገኘም።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ከሰዓት በኋላ ማኪያቶ የሚጠጡት ላንቻ፣ ቅድስት ካፌ ውስጥ ነው። ባለፈው ጥቅምት ባለቤቷ ቅድስት ለካፌዋ ሙዚቃ መምረጥ ፈልጋ መጣችባቸው።

«ጋሽ ጦይብ፣ ማለቴ፣ ሦስት የሙዚቃ አፕ አለ» አለች። «አንዱ ነፃ ነው። አንዱ በየወሩ በብር ይከፈላል። አንዱ ደግሞ በዶላር ነው፣ ውድ ነው፤ ድምፁ ግን ምንም አይጎድልበትም ይላሉ። እህቴ ከዱባይ የዓመቱን በአንዴ ልትከፍልልኝ ነው። እርስዎ የመረጡትን፣ በቃ፣ እሱን አደርጋለሁ።»

«ጆሮውን በኪራይ ነው እንጂ በነፃ አይሰጥሽም» አለ ከተማ።

«ለአንተ ነው በኪራይ» አለ ጦይብ። «ያንተ ጆሮ የተሠራው መነጽር እንዲይዝ ነው።»

መሞከሪያው ያ የከተማ ካሴት ሦስተኛው ዘፈን ሆነ። የትኛው የቱ እንደሆነ እንዳያዩ ቅድስት ስልኩን ከኬክ መደርደሪያው ኋላ ደበቀችው።

የመጀመሪያው ግማሽ ደቂቃ እንደሄደ አንዲት የማስታወቂያ ሴት ገብታ ቤታችንን ቀለም እንድንቀባ መከረችን። «ሴትዮዋ ድምፅ አላት» አለ ጦይብ፤ «ዘፈኑን ግን አላስጨረሰችም።» ነፃው ወደቀ።

ሁለተኛው ተጀመረ። ከተማ ጠረጴዛውን ሊመታ እጁን አነሳ፤ ኳ ኳ የሚል ነገር አልመጣም፤ እጁ አየር ላይ ቀረ።

«ከበሮው ብርድ ልብስ ለብሷል» አለ ጦይብ። «ማሲንቆው ደህና ነው። ማኪያቶ ለሚጠጣ ሰው ይበቃል።»

«ጎድሏል» አለ ከተማ።

ሦስተኛው መጀመሪያ እንደ ዝናብ ሿ አለ። ከዚያ ኳ ኳ። የከተማ መዳፍ እኩል ወረደ።

«ይኸውልሽ። ሙሉው ይህ ነው፤ ሌሎቹ ቆርጠውታል። የዶላር ነገር። ክፈዪ፣ ልጄ» አለ ከተማ።

«ጋሽ ጦይብ፣ እህቴ ስልክ ላይ ናት። ልክፈል?»

ጦይብ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ያን ኳኳታ ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ የገዛ ጥፍሩ ነው። ካሴቶቹን በሱቁ ጓዳ፣ በባለ ሁለት ካሴት ቴፕ የሚቀዳቸው ራሱ ነበር። የሌላ ሱቅ ካሴት ይዞ መጥቶ ቀይርልኝ የሚል እንዳያታልለው፣ ሦስተኛው ዘፈን ሊገባ ሲል ማይኩን በጥፍሩ ሁለቴ መታ ያደርጋል። ጆሮ የተባለው ሁሉ ይኸው ነው። አሁን አንዱ ያን ካሴት ከሣጥን አውጥቶ ለውዱ አፕ ሰጥቶታል፤ ውዱም፣ ምንም አይጎድልበትምና፣ ጥፍሩን ሳይቀር ጠብቆ አምጥቶታል። ዝም ቢል ልጅቷ የዓመት ዶላር ለጥፍሩ ትከፍላለች። ቢናገር ሰሌዳውም ጆሮውም አብረው ይወድቃሉ።

«አትክፈዪ» አለ።

«ሙሉው እሱ ነው ተባለ እኮ።»

«ከሙሉም አልፎ ትርፍ አለው። ኳ ኳ የሚለው የእኔ ጥፍር ነው።» ጠረጴዛውን ሁለቴ መታው። ያው ራሱ ነበር። ከዚያ ጓዳውንም፣ ቴፑንም፣ ማይኩንም ዘረዘረ።

ከተማ የጦይብን ጣት ረጅም ጊዜ አየው። «ኦርጅናል ብቻ» አለ ቀስ ብሎ።

«ሰሌዳው ኦርጅናል ነበር። በእጄ ነው የጻፍኩት።»

«መርካቶ ነው የገዛኸው እያልክ ያባረርካቸውስ?»

«እነሱ እውነትም መርካቶ ነው የገዙት። በዚያ አልዋሸሁም።»

ቅድስት ወደ ኬኮቹ ዞራ ትስቃለች። «በቃ፣ የብሩን ላድርግ?»

«የዶላሩን ክፈዪ» አለ ከተማ። «ግማሹን እኔ እችላለሁ።»

«ጋሽ ከተማ፣ ቅጂ መሆኑን ሰሙ አይደል?»

«እኔ ሰማሁ። ብርሃነ አልሰማም።»

ጦይብ እጁን ዘረጋ። «ስልክህን አምጣ። ያጣላኋችሁ እኔ ነኝ፣ እኔ እነግረዋለሁ።»

ከተማ ማኪያቶው እስኪያልቅ ድረስ አልሰጠውም። በመጨረሻ ሰጠው። የብርሃነ ሳቅ ከስልኩ አልፎ ታክሲ መቆሚያው ድረስ ተሰማ፤ ከተማን እሑድ ምሳ ጠርቶ ስልኩን ዘጋው።

ካፌው ውስጥ የሚዘፍነው አሁን የብሩ ነው። ያ ዘፈን ሊጀምር ሲል ከተማ ወደ ጦይብ ዞሮ ይጠብቃል። ጦይብ ጠረጴዛውን በጥፍሩ ሁለቴ ይመታል።

«ዘገየህ» ይለዋል ከተማ።