ሦስት ቀን ዘግይቶ የሚደርሰው ልጅ

አባቴ ቆቦ ከተማ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ያህል የትምህርት ቤት ዩኒት ሊደር ነበር። ሰልፍ የሚያሰልፈው፣ ያረፈደውን በር ላይ የሚያንበረክከው፣ ወላጅ የሚያስጠራው ሰው ማለት ነው። ገበያ መሐል ሲያልፍ ትምህርታቸውን ጨርሰው ትዳር የያዙ ሰዎች ሳይቀሩ ሸሚዛቸውን ሱሪያቸው ውስጥ ይከቱ ነበር። እኔና ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ከትምህርት ቤት ስንወጣ ዩኒት ሊደሩም አብሮን ወደ ቤት ይገባል።

ይህ ሰው በሳምንት አንድ ጋዜጣ ያነባል። ጋዜጣው አዲስ አበባ በወጣ በሦስተኛው ቀን፣ አንድ የሚያውቀው የአውቶቡስ ሾፌር በደሴና በወልድያ በኩል አምጥቶ ይሰጠዋል። አባቴ ከኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር ወንበር ያወጣል፣ መነጽሩን ይወለውላል፤ ከዚያ በኋላ ግቢው ውስጥ ለማሳል እንኳ ፈቃድ የሚያስፈልግ ይመስላል። አንብቦ ሲጨርስ ተራው የእኛ ነው። እኛ ስንገልጠው የመጨረሻው ገጽ ላይ በምላጭ የተቆረጠ፣ ጠርዙ በማስመሪያ የተስተካከለ ቀዳዳ ይጠብቀናል።

"አባዬ፣ እዚህ ጋ ምን ነበረ?" አልኩት አንድ ቀን።

"የሥራ ማስታወቂያ" አለ ቀና ሳይል።

በየሳምንቱ የሥራ ማስታወቂያ ነበር። ወንድሜ ያዘነው ለኳሱ ነው፤ ከቀዳዳው ጀርባ የጨዋታ ውጤት ስለሚኖር ማን እንዳሸነፈ እንጂ ማንን እንዳሸነፈ አያውቅም ነበር። እናቴ ግን የምር ተጨነቀች። ባሏ ዝውውር እየፈለገ ነው ብላ ስለደመደመች፣ ከደሴ የመጣ ሰው ባገኘች ቁጥር ብርዱ እንዴት እንደሆነና ብርድ ልብስ ስንት ደርብ እንደሚበቃ መጠየቅ ጀምራ ነበር።

ነገሩ የተገለጠልኝ አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነኝ ነው። እንግዳ መጥቶ እናቴ አባቴን ጥሪ ብላ ላከችኝ። ከሰዓት በኋላ የሚገኘው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ የቅርብ ወዳጁ የሆኑት የጨርቅ ነጋዴ ሱቅ ደጃፍ፣ አግዳሚው ላይ። ጋሼ ነበር የምላቸው። ጢማቸው በሒና የቀላ፣ ዋጃ ተወልደው ቆቦ ያረጁ ሰው ናቸው። ሱቁ ጋ ስቃረብ እንግዳ ድምፅ ሰማሁ። መጀመሪያ አባቴ ምግብ ትን ብሎት መሰለኝና ሮጥኩ። ስደርስ እየሳቀ ነው። ሲስቅ ሰምቼው ስለማላውቅ በድምፁ አልለየሁትም ነበር።

ሁለቱ ሽማግሌዎች (ያኔ ለእኔ ሽማግሌ ነበሩ፤ አሁን ስቆጥረው የዛሬ እኔን አያክሉም) አንዲት ቁራጭ ጋዜጣ ላይ ተደፍተዋል። በትከሻቸው መሐል አየሁት። አራት ሳጥን፣ በየሳጥኑ ውስጥ ጭንቅላቱ ከገላው የሚበልጥ፣ የፊት ጥርሶቹ የወለቁ፣ ሹራብ የለበሰ ልጅ። ዶሮ በሳሙና ያጥባል። ከዚያ ክንፍና ክንፏን በሞሌታ ቆንጥጦ ከልብስ ጋር ገመድ ላይ ይሰቅላታል። የልጁ አባት ከፊቱ የተዘረጋ ጋዜጣና ሁለት እግር ብቻ ሆኖ ጥግ ላይ ተቀምጧል።

"ይሄ ወላቃው የዋጃ ልጅ ነው፣ ወላሂ!" ይላሉ ጋሼ እንባቸውን እየጠረጉ። "የአጎቴ ልጅ ቁርጥ!"

"የለም፣ የጎብዬ ልጅ ነው" ይላል አባቴ። "እንዲህ ያለውን ባለጌ ጎብዬ ነው የማውቀው።"

ልጁ የአዲስ አበባ ልጅ መሆኑን ሹራቡ ይናገር ነበር። በቆቦ ሙቀት ሹራብ የሚለብስ ወባ የያዘው ሰው ብቻ ነው። ሥዕሉ ውስጥ ሁሌ ይዘንባል፣ ሁሌ ጭቃ አለ፣ እኛ ጋ ዝናብ በጸሎት ነው። ሆኖም ይህን ያነሳ ሰው አልነበረም። በኋላ እንዳወቅሁት ወላቃው (ስሙን ማንም ስለማይጠራው ይህ ነበር መጠሪያው) ሱቁን በሚያዘወትሩ ሰዎች ዘንድ የጎረቤት ልጅ ነበር። "ወላቃው ሰሞኑን ምን አጠፋ?" ይባላል፣ ወሬው ይወራል፣ ቁራጩ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ገብቶ ከአቡጀዲው ሥር ይቀመጣል።

እኔ ግን ተናደድኩ። እቤት ውስጥ ጮክ ብዬ ስለሳቅሁ የተቆጣኝ ሰው፣ ዶሮ ላጠበ የሌላ ሰው ልጅ እንባው እስኪወርድ ይስቃል። ለመሞከር ወሰንኩ። በማግሥቱ የእናቴን እንቁላል ጣይ ዶሮ ይዤ በልብስ ሳሙና አጠብኳት። ሞሌታ ስላልነበረን በነጠላ ቁራጭ አሰርኳት። የቆቦ ፀሐይ በሩብ ሰዓት አደረቀቻት፤ ጩኸቷ ግን ሰፈሩን ሰበሰበ። አባቴ አርጩሜ ይዞ ወጣ።

"ወላቃውም አጥቧል!" ብዬ ጮህኩ። "አንተም ስቀሃል! ጋሼም ስቀዋል! አይቻችኋለሁ!"

እናቴ ከወጥ ቤት በር ላይ ሆና "የምን ወላቃው?" አለች። "የሥራ ማስታወቂያው ነው?"

አባቴ አርጩሜውን ዝቅ አደረገ። ጆሮው ሲቀላ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ጥቂት አሰበና "እሱኮ ወረቀት ነው" አለኝ። "የወረቀት ዶሮ እንቁላል አታቋርጥም።" ከዚያ ሁለት ጊዜ መታኝ፤ ከወትሮው ቀለል ያለ ነበር።

ጋሼ ወሬው ደርሷቸው ሊያስታርቁ መጡ። አባቴን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ እኔ እንደሌለሁ ሁሉ ስለ እኔ አወሩ።

"መምህር፣ እኔ በሰባት ዓመቴ ጨው ተሸክሜ ከገበያ ገበያ እዞር ነበር። አንተም ለትምህርት ብለህ ሰው ቤት ስትላላክ ነው ያደግኸው። ልጅነትም እንደ ጋዜጣው ነው መሰለኝ፤ ቆቦ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ለእሷ በጊዜው ቢደርሳት ምን ትላለህ?"

"እንቁላሉስ?" አለ አባቴ።

ዶሮዋ ለሁለት ሳምንት አልጣለችም። ቢሆንም ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ጋዜጣው ሳይቆረጥ ይደርሰን ጀመር፣ የቤት ሥራ ከተሠራ በኋላ። አባቴ እኛ ፊት ለመሳቅ ግን ብዙ ዓመት ፈጀበት። መጀመሪያ ያስላል፣ ከዚያ ውሃ ይጠይቃል።

ዓመታቱ እንደ ማንኛውም ዓመት አለፉ። ወንድሜ አዲስ አበባ ገብቶ ሹራብ ለበሰ። እናቴ ደሴን ሳታየው ዐረፈች። እኔ ተምሬ፣ ልጅ ወልጄ፣ አባቴ ጡረታ በወጣበት ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆንኩ፤ ኋላ ደግሞ፣ መቼም ከዕጣ አይሸሹም፣ ዩኒት ሊደር አደረጉኝ። ጋዜጣው መውጣት አቆመ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በጦርነቱ መንገዱ ተዘግቶ ከቤት ንብረታችን ተፈናቅለን ስንመለስ፣ የጋሼ ሱቅ ባዶ ሆኖ ጠበቃቸው። ከአቡጀዲው ጋር የብስኩት ቆርቆሮውም ሄዷል። የወሰደው ሰው ሲከፍተው ፊቱ ምን እንደመሰለ ማየት እፈልግ ነበር። ጋሼ "አልሐምዱሊላህ፣ ነፍሳችን ተርፋለች" አሉ። ቆይተው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ወላቃውንስ ምን አደረጉት ይሆን?" ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ።

አሁን አባቴ ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል። ብርሃንና ጥላ ይለያል፣ ፊት አይለይም፤ ሰዎች ግን ዛሬም ሸሚዛቸውን ይከታሉ። ከሰዓት በኋላ እጁን ይዤ ጋሼ ሱቅ አደርሰዋለሁ። አምና ልጄ የድሮ ጋዜጦች የሚለጠፉበት የቴሌግራም ቻናል አገኘችና ስልኳን አሳየችኝ። አራት ሳጥን፣ ትልቅ ጭንቅላት፣ ሹራብ። ስልኩን ተቀብያት ተቀመጥኩና ሳቅሁ።

"ምኑ ነው የሚያስቅሽ?" አለችኝ ልጄ። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ በዚያ ዕድሜ የሚያስቅ ነገር የለም። አሥር ዓመት ሲሆነኝ ወላቃው እኩያዬ ነበር፣ ኋላ ታናሽ ወንድሜ ሆነ፣ ቀጥሎ ልጄ፤ እሱ ግን ያችኑ ጥርስ እንኳ አላበቀለም። በጣም የገረመኝ የራሴ ነገር ነው። ድሮ ከእሱ ጋር ሆኜ የሳቅሁበትን ሥዕል አሁን ሳየው "ያን ሁሉ ጭቃ ማን ሊያጥበው ነው?" እላለሁ። ከልጁ እናት ወገን ተሰልፌያለሁ፤ ማን እንዳሰለፈኝ አላውቅም። ደግሞም እስቃለሁ።

እናም ሥራ ያዝኩ። የጋሼም ዓይን የስልክ ሥዕል ስለማይለይ፣ በየቀኑ አግዳሚው ላይ በሁለቱ መሐል ቁጭ ብዬ አንድ አንድ ሥዕል በቃል እነግራቸዋለሁ። "አንደኛው ሳጥን፤ ልጁ አባቱን 'ትልቅ ሰው ምንድን ነው የሚሠራው?' ይላል። ሁለተኛው ሳጥን፤ ጋዜጣው ዝም ይላል። ሦስተኛው፤ አሁንም ዝም። አራተኛው፤ ልጁ ደብተሩ ላይ 'ዝም ማለት' ብሎ ይጽፋል።" ጋሼ ጭናቸውን ይመታሉ። አባቴ ያስላል።

ችግሩ ቻናሉ ላይ ያለው ማለቁ ነው። እንዳለቀ ለመንገር ድፍረት አጣሁ፤ ጋሼ ሱቃቸውን በግማሽ ጨርቅ ከፍተው በየቀኑ "እስቲ ዛሬ?" እያሉ የሚጠብቁኝ ሰው ናቸው። ስለዚህ አንድ ቀን ፈጠርኩ። ወላቃው የጎረቤት መስኮት ይሰብራል፣ ይሮጣል፣ ይደበቃል፣ በአራተኛው ሳጥን ተመልሶ ይቅርታ ይጠይቃል። ጋሼ ሳቁ። አባቴ አላሳለም።

ወደ ቤት ስንመለስ ክንዴን ጨበጥ አድርጎ "የዛሬው የእሱ አይደለም" አለኝ።

"በምን አወቅህ?"

"ያ ልጅ ይቅርታ ጠይቆ አያውቅም። ያንን የሠራችው ዩኒት ሊደር ናት።"

አፈርኩ። እሱ ግን ትንሽ ከሄድን በኋላ ቆመና "ከፈለግሽ እኔ እነግርሻለሁ" አለ። ነገረኝም። ፍየል ደብቆ ክፍል ያስገባ ልጅ፤ ስም ሲጠራ እግሯን ቆንጥጦ በቀረ ጓደኛው ፈንታ "ሜ" ያሰኛት። የመምህሩን ወንበር በማር የቀባ። ደወሉን ሰርቆ በበሬ አንገት ያሰረ። ሠላሳ ዓመት ሲያንበረክክ፣ ለእያንዳንዱ ጥፋት ሲገርፍ፣ አንዷን ሳይረሳ መዝግቦ ይዟል። ቆርቆሮው ቢጠፋም አባቴ ራሱ ሌላ ቆርቆሮ ነበር። "ያኔስ ያስቅህ ነበር?" አልኩት። "ቢሮ ገብቼ በሩን ከዘጋሁ በኋላ" አለኝ።

እንዲህ ሆነን ሠራን። እሱ ያቀብለኛል፣ እኔ አራት ሳጥን አድርጌ ለጋሼ አቀርባለሁ። አንድ ቀን ጋሼ ለከሰዓቱ የአስር ሶላት መስጊድ ሄደው ሳለ፣ አባቴ የፍየሏን ታሪክ ድጋሚ እያስተካከለልኝ ነበር። አጠገባችን የቆመ የባጃጅ ሹፌር አንገቱን አወጣ።

"መምህር፣ ያቺ ፍየል የኛ ነበረች። ስድስት ቀምሼባታለሁ።"

አባቴ ወደ ድምፁ ዞረ። "ሰባት ነበር" አለ።

ሰውየው ሳቀ፤ ወርዶም ትከሻውን ሳመው። ከዚያ ግን ሳቁ ቆመና እኔን በዓይኑ እየሸሸ ለአባቴ ጉዳዩን ነገረው። ልጁ ትምህርት ቤት ጥፋት አጥፍቶ ወላጅ ጥራ ተብሏል፤ ነገ ጠዋት ነው። "ብቻዬን ስገባ እግሬ ይንቀጠቀጣል። መምህር አብረውኝ ቢገቡልኝስ?" ወላጁን ያስጠራሁት እኔ ነኝ።

በማግሥቱ ቢሮዬ በር ተንኳኳ። አባቴ ከረባት አስሮ፣ በአንድ እጁ ሹፌሩን፣ በሌላው ከዘራውን ይዞ ገባ። እንደማያውቀኝ ሁሉ "መምህርት፣ እንደምን አደሩ" አለኝ። አንቱ ብሎኝ አያውቅም። ልጁ ከኋላቸው ቆሟል፤ የፊት ጥርሶቹ የሉም። ጥፋቱ ይህ ነው፤ አንድ ቀን በማለዳ የትምህርት ቤቱ በር ላይ በጠመኔ "ዛሬ ትምርት የለም" ብሎ ጽፎ ግማሹ ተማሪ ወደ ቤቱ ተመልሷል። ለአባቴ ጽሑፉን ፊደል በፊደል አነበብኩለት፤ ሁለት አስተማሪዎችም እንደተመለሱ ግን አልነገርኩትም።

"ልጅ ነው" አለ አባቴ። "ጥፋቱን አይቻለሁ አልልም፤ ዓይኔ አያይም። ግን ጓደኞቼ ማንበብ ይችላሉ ብሎ ያሰበ ልጅ ነው፤ ማንበብ የሚችሉ ሰዎች ባይኖሩ ማንም አይመለስም ነበር። ይህ የትምህርት ቤቱ ውጤት ነው።"

ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ፤ ሳል መጣብኝ። ረጋ ስል ልጁ በሩን እንዲያጥብ ወሰንኩ።

"አንድ ነገር ይጨመር" አለ አባቴ። "ትምህርት የምትለዋን ሃምሳ ጊዜ ይጻፍ። 'ህ' ጎድላለች።"

ሹፌሩ አባቴን በባጃጁ ቤት አደረሰው። ከሰዓት በኋላ አግዳሚው ላይ ለጋሼ በአራት ሳጥን ነገርኳቸው፤ በሩ፣ ጠመኔው፣ የሚመለሱት አስተማሪዎች፣ ከረባት ያሰረው ሽማግሌ። ጋሼ አጎንብሰው እስኪበቃቸው ሳቁ። ከዚያ እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ ወደ አባቴ ዞሩ።

"መምህር፣ ልብ ብለሃል?" አሉት። "ይሄ ሠዓሊ በመጨረሻዎቹ ላይ በጣም ተሻሽሏል።"

አባቴ አሳለ፤ ውሃ ጠየቀ።