ወንፊቷ እኅቴና ዝምተኛው ቆራጭ

ቀርጨጭ፣ ቀርጨጭ፣ ከዚያ ፀጥ። ትልቅ መቀስ በረጅም የእንጨት ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ ሲቆርጥ ድምፁ እንዲህ ነበረ። ጨርቁ ሲደራረብበት ያቃስታል፤ ሲሳሳለት ያፏጫል። ያን ድምፅ ካጣሁት ብዙ ዘመን ሆኖኛል። ዛሬም ግን በአንድ ልብስ ሰፊ ደጃፍ ሳልፍ ጆሮዬ ቀጥ ይላል፤ ከድምፁም ጋር እኅቴ ትመጣብኛለች፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ አንገቷን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርጋ፣ ሰው ያለውን ትታ ያላለውን የምታዳምጥ መስላ።

በአንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ አብረን እንሠራ ነበር። እኔ የመጋዘኑ ኃላፊ ነበርኩ። እርሷ፣ በዕድሜም በማዕረግም ታላቄ፣ የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊ ነበረች። ቢሮዋ ከመቁረጫው አዳራሽ በላይ፣ በብረት ደረጃ የሚወጣባት፣ አንድ ወገኗ መስታወት የሆነ ጠባብ ክፍል ናት። ሠራተኛው ፊት ለፊት «እትዬ» ይላታል፤ ዞር ስትል ግን ስሟ «ወንፊት» ነበር። ወሬ በእርሷ ሳያልፍ አይጠራም ለማለት ነው። እርሷም ታውቃለች። «ወንፊት መባል ምን ይከፋል? እንክርዳድ ከመባል ይሻላል» ትል ነበር።

ያን ያህል ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር ሲውል ዛቻ አይጠፋም። «እገልሃለሁ» መባባል እንደ «ደህና አደርክ» የሚቀልበት ቀን አለ። አንዱ አለቃ ሰምቶ ይስቃል፤ ሌላው «ፖሊስ ጥሩ!» ብሎ ይጮኻል። እኅቴ አትስቅም፤ አትጮኽምም። ትጠይቃለች። ሲዝት ሰው ፊት ነበር ወይስ ለብቻው? ማታ ከማን ጋር ነው የሚበላው? ነገን የሚጠብቅበት ነገር አለው? «የሚዝት ሰውና የሚያሰጋ ሰው ሁለት ናቸው» ትለኝ ነበር። «አልፎ አልፎ ብቻ ነው አንድ ቤት የሚያድሩት።»

ይህን ትምህርት በቀላሉ አላገኘችውም። በወጣትነቷ፣ ክር ቆራጭ ሳለች፣ ከአጠገቧ ይሠራ የነበረ ጭምት ሰው አንድ ቀን የክፍሉን ኃላፊ በጩቤ ወግቶት ነበር። «ጠዋት ሰላም ብሎኝ ነበር እኮ» ብላ ስትነግረኝ ድምጿ ዝቅ ይላል። ከዚያ ወዲህ ሰላምታን ሁሉ አገላብጣ የምታይ ሰው ሆነች። ጥርጣሬዋ ሁልጊዜ ልክ ነበር አልልም። እጮኛዬን ይዤ ቤት የመጣሁ ዕለት ወደ ጓዳ ጎትታኝ፣ «ይህች ልጅ ሳቋ ከዓይኗ አይደርስም፤ ተጠንቀቅ» አለችኝ። ለካ ልጅቱ ጥርሷን አሟት ኖሯል። እነሆ የልጆቼ እናት ከሆነች ስንት ዘመኗ! እስከ ዛሬ ሳስቃት «ዓይኔ ደረሰ?» ትለኛለች።

አሁን የምነግራችሁ ነገር የተነሣው ከፎርማኑ ነው። ረጅም፣ በወገቡ የቁልፍ ዘለላ የሚያንጠለጥል፣ ከመድረሱ በፊት ቁልፉ የሚደርስ ሰው ነበር። ካውያ ክፍል ደግሞ «ነጎድጓድ» የምንለው ተኳሽ አለ። አንድ ቀን ነጎድጓድ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ፣ «የዚህን ሰውዬ አንጀት በዚህ ካውያ ነው የምተኩሰው!» ብሎ ጮኸ። ሥራ አስኪያጁ እኅቴን አስጠርቶ፣ «ዛሬውኑ ይባረር» አላት።

እርሷ ግን ነጎድጓድን ወደ ቢሮዋ አስወጣችው። እኔ የመጋዘን ጉዳይ ይዤ ገብቼ ነበርና እዚያው ቀረሁ።

«እስቲ ንገረኝ፤ የሰው አንጀት እንዴት ነው የሚተኮሰው?»

«እትዬ ሙች፣ አናዶኝ ነው!»

«በምን አናደደህ?»

«ልጄን ልድር ነው፣ ፈቃድ ስጠኝ ብለው፣ 'ሙሽራው አንተ ነህ እንዴ?' አለኝ። ያውም ሴቶቹ ፊት!»

«እና አንጀቱን ተኩሰህ ሠርጉ ላይ በምን ልትገኝ ነው? ካቴና ከሱፍ ጋር አይሄድም እኮ።»

ነጎድጓድ ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ሳቅ ነበር። «ሱፉንም ገና ከሰፊው አላወጣሁት» አለ ዓይኑን እየጠረገ።

ፈቃዱን ሰጠችው፤ ማስጠንቀቂያም ጨመረችለት። ለሥራ አስኪያጁ፣ «ይህ ሰው ለነገ ድግስ አለው። ለነገ የደገሰ ሰው ዛሬን አያቃጥልም» አለችው።

«የሚጮኽ ውሻ አይነክስም ነው የምትዪኝ?»

«እንደሱስ አልወጣኝም። የሚጮኽም ይነክሳል። ይኼኛውን ግን አይቼዋለሁ።» ይህን ብላም እምነቷ ሙሉ አልነበረም፤ ከጎኑ የሚተኩሰውን ሰው፣ «ነጎድጓድ ዝም ያለ ዕለት ንገረኝ» ብላዋለች። እርሱ ግን ከቶ ዝም አላለም። ከዘመናት በኋላ እኅቴን ስንቀብርም ስሙን የመሰለ ልቅሶ አልቅሷል።

ሌላው ሰው ነበር ዝም ያለው።

«ጋሽ ጥጥ» የምንለው አንጋፋ ቆራጭ ነበረን። ቃሉ ለስላሳ፣ እርምጃው ለስላሳ። ከዚያ ጥቂት ጊዜ ቀደም ብሎ ብዙ ጨርቅ ከልክ ውጭ ተቆርጦ ተበላሸ። ፎርማኑ ጋሽ ጥጥን በመቁረጫው ጠረጴዛ ፊት፣ ሰው ሁሉ ቆሞ፣ «ዓይንህ ከጠፋ ቤትህ ተቀመጥ!» ብሎ ሽርጡን ከአንገቱ አወለቀበትና ወደ ካርቶን ማሸጊያ አወረደው። በዚያው ጠረጴዛ ጫፍ አዲስ የተቀጠረው የጋሽ ጥጥ ልጅ ቆሞ ነበር። ለምኖ ያስቀጠረው ራሱ አባቱ ነው።

ጋሽ ጥጥ መጀመሪያ ላይ ወደ ሥራ አስኪያጁ ተመላለሰ። «እናየዋለን» አሉት። ኋላ መመላለሱን ተወ። ሁሉም፣ «እፎይ፣ ረጋ» አለ። ፎርማኑም፣ «ዝም አይነቅዝም» እያለ ሻይ ቤት ይተርታል።

እኅቴ ይህን ስሰማ አብራኝ ነበረች። «ማን ሰንጥቆ አየው?» አለች፤ እርሱ ግን አልሰማትም።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ጋሽ ጥጥ ወደ መጋዘኔ መጣና በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ፊቴ አስቀመጠ። ፈታሁት፤ መቀሱ ነው። ቆራጭ የሚያውቅ ሰው ይህን ይረዳል። መቀስ የጌታውን እጅ ይለምዳል፤ የሌላ ሰው እጅ ከገባበት ስለቱ ይዞርበታል ይባላል። ስለዚህ ቆራጭ ሚስቱን ያበድራል እንጂ መቀሱን አያበድርም እያልን እንቀልድ ነበር።

«ጋሼ፣ ምን ነክቶዎት ነው?»

«ላንተ ነው ልጄ። ከእንግዲህ አያስፈልገኝም።» ፈገግ አለልኝ። እንደዚያ ያለ የረጋ ፈገግታ ፊቱ ላይ አይቼ አላውቅም ነበር።

ማታ ራት ላይ ለእኅቴ እየተኩራራሁ አሳየኋት። የቆረሰችውን ዳቦ መልሳ አስቀመጠች።

«ከፍቶት ነበር?»

«ኧረ ደስ ብሎታል! ሙሽራ ነው የመሰለኝ።»

«ቆራጭ መቀሱን ለማን ነው የሚተወው?»

«ጡረታ ሲወጣ ለልጁ…» ብዬ ቆምኩ።

«ልጁ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው» አለች በቀስታ። «ለምን ላንተ?»

ያን ሌሊት መቀሱን ከአልጋዬ አጠገብ አንሥቼ ወደ ሌላ ክፍል ወሰድኩት። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

በማግሥቱ እየዞረች በጨዋታ መሐል ጠየቀች። በርጩማውን ለጽዳቷ ሴትዮ ሰጥቷል። ሬዲዮኑን ለዘበኛው ሰጥቷል። መለኪያ ሜትሩን ለአንዲት ክር ቆራጭ። እያንዳንዱ የተወደደው እርሱ ብቻ መስሎት ዝም ብሏል። ክር ቆራጮቹ፣ «ጋሽ ጥጥ ሊመንን ነው መሰል» ብለው ይሳሳቃሉ። ዘበኛው ግን ሬዲዮኑን እየነካካ፣ «ደግ ሰው ነው። ባለፈው እንኳ ፎርማኑ ሁሉም ከወጣ በኋላ በየትኛው ደረጃ እንደሚወርድ ጠይቆኝ ነበር፤ ሊታረቀው ነው መሰለኝ» አላት።

እኅቴ መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች።

ሥራ አስኪያጁ ሲሰማ ሳቀባት። «ነጎድጓድን ለቀሽ ጥጥን ያዝሽ? ሴትዮ፣ ጥጥ እኮ ዝንብ አይገድልም!»

«ዝንቡማ ምን በደለው?»

ሳቁ ተቋረጠ። «ማስረጃ አለሽ?»

«የለኝም። ጥርጣሬ ነው ያለኝ። ከተሳሳትኩ ሳቁብኝ፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው።»

እየጎመዘዘውም ቢሆን ተቀበላት። ፎርማኑ ብቻውን እንዳያመሽ፣ በሌላው በር እንዲወጣ ተደረገ። ለፖሊስ ጣቢያውም ተነገረ። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ማሸጊያ ክፍሉን ባለፍኩ ቁጥር ጋሽ ጥጥ እጁን ወደ ኮቱ ከሰደደ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ የሚያወጣው ግን መሐረብ ነው። መሐረቡንም ጠረጠርኩት። አንዳንዴም እኅቴን ራሷን እጠረጥር ነበር። ምናልባት ያ የወጣትነቷ ጩቤ ነው፣ በየሰዉ ኪስ የሚታያት እላለሁ።

በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ጋሽ ጥጥን አስጠራችው። ዘበኛው ከበሩ ውጭ ቆመ። የሚስቱን ወንድም ከቤቱ አስመጥታ ታች አስቀምጣዋለች። እኔን፣ «አንተን ይወድሃል፤ ቁጭ በልና አትናገር» አለችኝ።

ሻይ ቀዳችለት። ልጁ ደህና እንደሆነ ጠየቀችው። ከዚያ ድምጿን ሳትለውጥ፣ «ጋሼ፣ ፎርማኑን ሊገድሉት አስበዋል?» አለችው።

እኔ ከወንበሬ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ። ጋሽ ጥጥ ግን አልደነገጠም።

«ማን አለሽ?»

«ማንም። እኔ ነኝ የምጠይቅዎት።»

በመስታወቱ ቁልቁል ወደ መቁረጫው ተመለከተ። ልጁ ጎንበስ ብሎ ጨርቅ ይዘረጋል። «ከዚያ ቀን ወዲህ ቤት ስገባ ቀና ብሎ አያየኝም» አለ። «እናቱ 'አባትህ ነው፣ ሰላም በለው' ትለዋለች። እንደ ሕፃን።»

«ጨርቁን እርስዎ አበላሽተውታል?»

«በተሰጠኝ ልክ ቆረጥኩ። የልኩን ወረቀት የሰጠኝ እሱ ነው። ጨርቁ ከተበላሸ በኋላ ወረቀቱን ሲቀይር አይቼዋለሁ። አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ልጄ እየሰማ 'እኔ ነኝ' ቢል…»

«የያዙት ነገር የት አለ?»

 እጁ ቀስ ብሎ ወደ ኮቱ ውስጥ ገባ። መሐረብ አልነበረም። አንድ ጫፉ በጨርቅ የተጠመጠመ የመቁረጫ ማሽን ምላጭ በሁለት ጣቱ ይዞ አወጣና ከሻይ ብርጭቆው አጠገብ አኖረው። እኅቴ ምላጩን ወደ ራሷ እየሳበች፣ «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» አለችው፤ ብርጭቆ ያቀበላት ይመስል። ያኔ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

የሚስቱ ወንድም ተጠርቶ ወጣ፤ አቅፎት ወረደ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ሐኪም እንዲሄዱ፣ ቤትም ብቻውን እንዳይውል አስማላችው። ምላጩ ለፖሊስ ሄደ።

ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ተነሣሁ። «ተቀመጥ» አለችኝ። «ሌላው ገና ነው።»

ፎርማኑ ቁልፉን እያንሿሿ ገባ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ሰማሁ! ነፍሴን አተረፍሽ እትዬ። አሁን ያ ሰው እስር ቤት ይግባልኝ!»

«ፖሊስ የራሱን ይሠራል። እኔ የምጠይቅህ ሌላ ነው። የልኩን ወረቀት ለጋሽ ጥጥ ማን ሰጠው?»

«ምን?»

«ሰማኸኝ።»

«ምላጭ ይዞ የተገኘውን ትተሽ እኔን ትመረምሪያለሽ?» ሳቅ ሞከረ፤ አልመጣለትም። ዓይኑ ወደ መስታወቱ ሄዶ ተመለሰ። እኅቴ ቀደም ሲል ጋሽ ጥጥን ባየችበት ዓይን፣ እጅ እጁን ታየዋለች።

«ተሳስቼ ሊሆን ይችላል» አለ በመጨረሻ። «ጥድፊያ ነበር። ለሥራ አስኪያጁ ብቻዬን ሄጄ እነግረዋለሁ።»

«ጋሽ ጥጥን የሰደብከው ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ነው እንዴ?»

«እንጀራዬን ላጣ ነው እኮ እትዬ!»

«ልታጣ ትችላለህ፤ አልዋሽህም። ግን ስማኝ። ዛሬ ምላጩን ተቀብያለሁ፤ ምላጭ በየሱቁ ይሸጣል። እንዲይዝ ያደረገውን ነገር ግን አልተቀበልኩትም፤ እሱ ያለው አንተ ጋ ነው። ልጁ ታች እየሠራ ነው።»

ፎርማኑ ከወንበሩ ተነሣ። ከብረቱ ደረጃ አጋማሽ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ በግራ ወደ ግቢው በር፣ በቀኝ ወደ መቁረጫው አዳራሽ። በግራ ወርዶ ዳግመኛ እንደማናየው በልቤ ምዬ ነበር፤ እኅቴም ያመነችው አልመሰለኝም፤ መነጽሯን አውርዳለች።

ኮቱን ከወንበሩ አነሣ፤ መልሶ ተወው። እኛን ሳያይ፣ ደህና ዋሉ እንኳ ሳይል ወጣ፤ ቁልፎቹም በቀኙ ደረጃ ቁልቁል ሲንሿሹ ሰማን።