መሪጌታ የሸተታቸው

የያዙኝ ከክፍል ውስጥ ነው። ስለ ድርቁ ለተማሪዎቼ ምን እንደ ነገርኋቸው እንኳ ሳይጠይቁኝ፣ ጠመኔውን እንደ ጨበጥሁ ሰቆጣ ወህኒ ቤት አስገቡኝ። ክፍሉ የድንጋይ ነው፤ ከጣሪያው ሥር አንዲት ቀዳዳ አለችው። በሩ ሲከፈት ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ አየሁ። ሸሚዜን ቅማል ለመውረስ አንድ ቀን አልፈጀበትም።

ቦታ ለቀው ያስቀመጡኝ የደሃናው መሪጌታ ነበሩ፤ የቅኔ መምህር ናቸው። ስለ ደብራቸው መሬት አቤት ብለው ነው የታሰሩት። አጎዛቸውን ለሁለት ተካፍለን ተኛን።

በዚያ ሰሞን ተስቦ ገብቶ ነበር። የታመመ ሰው ግቢው ዳር ወዳለችው የሣር ጎጆ ይወሰዳል። ከዚያ በቃሬዛ ሲወጡ እንጂ ማንም በእግሩ ሲመለስ አላየሁም። የሚመርጠው የዘቦቹ አለቃ ነው። ጠዋት በር ላይ ቆሞ አንድ በአንድ እያስጠጋ ያሸተናል። «ተስቦን በአፍንጫዬ አውቀዋለሁ» ይላል፤ እኛም አመንነው። ከጠመንጃው ይልቅ አፍንጫውን እንፈራ ነበር።

የስቅለት ዕለት ራሴን ይፈልጠኝ ጀመር። ለማንም አልተናገርሁም። ጋደም ስል መሪጌታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ምነው መሪጌታ፣ ምን አደረግሁዎ?»

«አንተ ምን ታደርገኝ ልጄ» አሉ በቀስታ። «ጠረንህ ተለወጠብኝ። የረጠበ የአይጥ ጎሬ ይሸተኛል። እናቴም እንዲሁ ነበረች፤ ሰው ሊታመም ሲል ቀድሞ ይሸታት ነበር።»

ብብቴን አሸተትሁ፤ ከላብ በቀር ምንም የለም። በወዲያ በኩል የተኛውን የዝቋላ ገበሬ ለመንሁት። አንገቴ ሥር አፍንጫውን ደቅኖ ቆየና «እኔስ ምንም አልሸተተኝ» አለ። ሌላው ግን ገና ሳይጠጋኝ አፍንጫውን ያዘ። ለግማሹ እሸታለሁ፣ ለግማሹ አልሸትም። የአለቃው አፍንጫ ከየትኞቹ ወገን እንደሆነ እያሰብሁ፣ ዓይኔን ሳልከድን ነጋ።

ቅዳሜ ጠዋት ቀጤማ የሚያድሉት ቄሶች ቃጭል ከውጭ ይሰማል። መሪጌታ አክፍለው ነበር፤ ከሐሙስ ወዲህ ውሃ እንኳ በአፋቸው አልዞረም። ጾም አይወራም ስለሚሉ ከእኔ በቀር ያወቀ አልነበረም።

ተራዬ ደረሰ። አለቃው አንገቴ ሥር ገብቶ በረጅሙ ሳበ።

«እለፍ» አለኝ።

ቀጥሎ መሪጌታን «ይተንፍሱ» አላቸው። ተነፈሱ። ፊቱን አኮማትሮ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ይኸው! ተስቦ ማለት ይኸ ነው። ውሰዷቸው።»

ያኔ ገባኝ። ሰውየው የሚሸተው የባዶ ሆድ ትንፋሽ ነው፤ ተስቦ አይሸተውም። መሪጌታ ቀና ብለው አዩኝ። ጾመኛ ነኝ አላሉም፤ በሽተኛው ያውና አላሉም። ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ በሩ ሄዱ።

ፈሪ ለእናቱ ይባላል። እኔም ለእናቴ ልተርፍላት ጥርሴን ነክሼ ቆምሁ። በተከፈተው በር ጎጆዋ ትታየኛለች። ሞት እንደዚያ ቀን ቀርቦኝ አያውቅም። መሪጌታ ግን ደፉን ሊሻገሩ ነው።

«እኔ ነኝ» አልሁ።

«ምኑ?» አለ አለቃው።

«የታመምሁት እኔ ነኝ። እርሳቸው ከሐሙስ ጀምሮ አልቀመሱም። ግንባሬን ንካው።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ መመለሻ አልነበረውም። አለቃው ግንባሬን ነካና እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ማንንም ቀና ብሎ አላየም።

«ይኸን ውሰዱት» አለ።

መሪጌታ ተመልሰው ወደ እኔ መጡ። በሕማማት መሳሳም የለም፤ ሳምንቱን ሙሉ አንገት ዝቅ በማድረግ ብቻ ነበር እጅ የተነሣሣነው። እኔም እንዳይጠጉኝ ብዬ «መሪጌታ፣ ሕማማት ነው» አልኋቸው።

«የተከለከለው የይሁዳው ነው ልጄ» አሉ።

ቀኝ ጉንጬን ሳሙኝ፤ ግራዬን፣ ደግሞ ቀኜን። አፍንጫቸው ሲሸበሸብ በቅርብ አየሁት። አልሸሹም።

ከጎጆዋ በሕይወት ወጣሁ፤ ለምን እኔ እንደተረፍሁ አላውቅም። መሪጌታን ወደ ሌላ ወህኒ አዛውረዋቸው ስለነበር ዳግም አልተገናኘንም። አሁን አርጅቻለሁ። የልጅ ልጆቼ ተስቦ ምን ምን እንደሚል ይጠይቁኛል። ያኔም ሆነ ዛሬ እኔን አልሸተተኝም። የሸተታቸው ሰው ግን ስመውኛል።