በግዕዝ ቁጥር የሚለካ ሣጥን

ባለቤቴ ካፖርቱን ሰጥቶ ያንን ሣጥን ታቅፎ የገባ ቀን፣ ቤቱን ጥዬለት አባቴ ዘንድ ልሄድ ነጠላዬን አንስቼ ነበር። ወሩ ዲላ ዝናብ ከያዘ የማይለቅበት ወር ነው፤ ካፖርቱ ደግሞ ከአዲስ አበባ ስንሸሽ ይዞት የመጣው አንድ ደህና ልብሱ። በምትኩ ያመጣው ምን ነበር? ከጭነት መኪና ወድቆ የወናጎ መንገድ ጭቃ የገባበት፣ ጣልያኖቹ ከሰፈራቸው ጓሮ የጣሉት፣ አሮጌ ብረት ሻጭ ያነሳው የእንጨት ሣጥን። ፊቱ ላይ የነበረው መስተዋት ረግፏል፤ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ሻግቷል። ጠቋሚዋ፣ እንደ ስንደዶ የቀጠነችው ቀስት፣ ተጣማ አንድ ጥግ ላይ ተለጥፋለች። ምንድን ነው ስለው የሬዲዮ መፈተሻ እንደሆነ፣ ሬዲዮ ሲበላሽ የቱ ጋ ኃይል እንደተቋረጠ ለክቶ የሚናገር ዕቃ እንደሆነ ፈራ ተባ እያለ ነገረኝ። አንተን ብርድ ሲገድልህ ደግሞ የሚለካልህ ይገኝ እንደሆነ እናያለን አልኩት።

ንዴቴ የካፖርቱ ብቻ አልነበረም። ፈርቼ ነበር። ጣልያን ከመግባቱ በፊት ባለቤቴ በመንግሥት የሬዲዮ ክፍል ይሠራ ነበር። ከተማው ከተያዘ በኋላ አብረውት ከሚሠሩት ሁለቱ ከቤታቸው ተወሰዱ፤ የት እንደደረሱ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ፊደል የቆጠረና ለመንግሥት ያገለገለ ሰው እየተለቀመ በነበረበት በዚያ ጊዜ ነው አባቴ ሱቅ ወደነበራቸው ወደ ዲላ የመጣነው። እዚህ ቁልፍና ፋኖስ ጠጋኝ ሆነ። ስለ ሬዲዮ አንዲት ቃል እንዳይተነፍስ አስምዬዋለሁ። ማንነቱ ከታወቀ እንደ ጓደኞቹ ይወሰድብኛል። ይህንን እያሰብኩ ነበር የምተኛው፣ ይህንን እያሰብኩ ነበር የምነሳው። እሱ ግን ሣጥኑን ባየ ጊዜ መሐላውንም ፍርሃቴንም ረሳው።

ከነጋዴዎቹ ውስጥ ሬዲዮ ያላቸው አሉ፣ ሲበላሽባቸው የሚያበጅላቸው የለም፣ በድብቅ እየሠራን እንኖርበታለን አለኝ። ይህ ለእኔ የተዘጋጀ ምክንያት መሆኑ ገብቶኛል። እውነቱ ሌላ ነው፤ ሰውየው በቁልፍና በፋኖስ ነፍሱ ደርቃ ነበር። በሸሚዙ ጫፍ ጭቃውን ሲጠርግ፣ አንዷን ብሎን ለማላቀቅ ሲታገል አየሁትና ሆዴ ራራ። ነጠላዬን መልሼ ሰቀልኩት።

ገንዘብ የለንም፤ ቢኖረንም ዲላ ውስጥ እንዲህ ያለ ዕቃ የሚሸጥ አልነበረም። ስለዚህ ቤት ያለው ነገር ሁሉ ተራ በተራ ሣጥኑ ውስጥ ገባ። የተቃጠለውን የሽቦ ጥቅል ከተሰበረ የመኪና ጥሩምባ ባወጣነው ሽቦ ተካነው፤ ጠምጣሚዋ እኔ ነበርኩ፣ ጥጥ ፈትዬ ያደግሁ ስለሆነ ጣቴ ቀጭን ነገር አይበጥስም። ቀስቷን ወደ ቦታዋ የምትመልሰው ጥምዝ ሽቦ ዝጋ ስለነበር ከሞተ የኪስ ሰዓት ሌላ አወጣ። መስተዋቱን ከእናቴ የእመቤታችን ሥዕል ላይ ሲፈታ ግን አለቀስኩ። እመቤታችን ያለ መስተዋትም ታየናለች፣ ይቺ ቀስት ግን ነፋስ ሲነካት ትሳሳታለች አለኝ።

ሽቦዎቹን ማሰሪያና እርስ በርስ እንዳይነካኩ መለያ ያደረግነው ቃጫ ነው። ቃጫውን በፈላ ሰም ነክረን እናደርቀዋለን፤ ያኔ እርጥበት አያስገባም። የጌዴኦ ጎረቤቴ እንሰት በፋቀች ቁጥር ታመጣልኝ ነበር። ለምን እንደፈለግሁት ስትጠይቀኝ ለፋኖስ ክር ነው አልኳት።

"ይቺ ፋኖስሽ ብዙ ትበላለች" አለችኝ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችኝም።

በመጨረሻ የቀረው የቁጥሩ ወረቀት ነበር። ባለቤቴ ቀኝ ዓይኑን ከተማው ሊያዝ ሰሞን የባትሪ አሲድ ፈንጥቆ አጥፍቶበታል፤ ግራው ደህና ቢሆንም ቀጭን መስመር ላይ ሲቆይ ያለቅሳል። ስለዚህ ቀስቷን የማነበው እኔ እንድሆን ተስማማን። አንባቢዋ እኔ ከሆንኩ ቁጥሩም እኔ የማውቀው መሆን አለበት። አባቴ ዳዊት ያስደገሙኝ፣ በመቃ ብዕር መጻፍ ያስተማሩኝ በግዕዝ ቁጥር ነው። መለኪያችንን በምን እንደምናስተካክል ስንቸገር ደግሞ ከአባቴ ሱቅ የባትሪ ድንጋዮች ተበደርን። እሱ አንድ ድንጋይ ሲያስነካ ቀስቷ የቆመችበት ላይ ፩ ጻፍኩ፤ ሁለት ሲቀጣጥል ፪፤ እንዲያ እያልን እስከ ፲ ደረስን። ባዶ የሚባል ቁጥር በግዕዝ ስለሌለ፣ ቀስቷ የምታርፍበት ቦታ ላይ አራት ነጥብ አደረግሁ። ባለቤቴ ይህንን ሲያይ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱ የሣጥኑን ሁለት ሽቦዎች የሬዲዮው ሆድ ውስጥ እያስነካ ስንት ይላል፤ እኔ ሦስት ድንጋይ፣ ሁለት ድንጋይ ከሩብ እላለሁ። የአንድ ነጋዴ ሬዲዮ ተናገረ፤ ቀጥሎ የሌላው።

ወሬ ደግሞ አይታሰርም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በዚያው በዝናብ፣ የጣልያኖቹ ጦር የሬዲዮ ሳጅን በራችን ላይ ቆመ። ዕድሜው ከባለቤቴ የማይበልጥ፣ ጫማው በጭቃ የከበደ፣ የገበያ አማርኛ የሚሞክር ሰው ነው። ሣጥኑ ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ ነበር፤ የምንሸፍንበት ጊዜ አላገኘንም። ሳጅኑ ገና ሲያየው የራሱ መሆኑን አወቀው። በገዛ እጁ የጣለው ዕቃ ነው። ጎንበስ ብሎ ሰሙን ነካ፣ ቃጫውን ነካ፣ ከዚያ ቀና ብሎ ማን እንደሠራው ጠየቀ።

ባለቤቴ አፉን ሊከፍት ሲል ቀደምኩት። እሱ ነው ካልኩ ሄደ። አላውቅም ካልኩ ደግሞ ሣጥኑ ራሱ ምስክር ነው።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "ባለቤቴ ዓይነ ስውር ነው።"

ባለቤቴ እስከዚያች ቅጽበት በደህናው ዓይኑ ሳጅኑን እያየ ነበር። ቀስ ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሳጅኑ አልሳቀም። በጣቱ ወረቀቱን እያሳየ እነዚህ ቁጥሮች ናቸው ወይ አለኝ። ከአንድ እስከ አሥር ቆጠርኩለት። ከእጅ ባትሪው ውስጥ አንድ ድንጋይ አወጣና ለኪልኝ ብሎ ሰጠኝ። ሁለቱን ሽቦዎች አስነካሁ። ቀስቷ ተነሳችና ፩ን አልፋ ሄደች፤ ከ፩ በጣም ርቃ ቆመች። አንድ ድንጋይ አንድ ማለት ነበረበት። ሳጅኑ ግንባሩን ቋጠረ። ምን እንደተሳሳተ ባለቤቴ ያውቅ ይሆናል፤ ነገር ግን ዓይነ ስውር ነው ብያለሁ፣ ዓይነ ስውር ደግሞ ቀስት የት እንደቆመች አያይም።

ያኔ የአባቴ ሱቅ ትዝ አለኝ። ዝናብ በገባ ቁጥር ደንበኛ ድንጋይ ይዞ እየተመለሰ ትናንት ገዝቼው ዛሬ ጨለመብኝ እያለ አባቴን ሲያማርር ነው ያደግሁት። መደርደሪያ ላይ እያሉ ወረቀታቸው ያብጣል፣ ጉልበታቸው ያልቃል። እኛ ደግሞ የዓለሙን ሁሉ መለኪያ ያደረግነው እነሱን ነው።

"የእርስዎ ድንጋይ አዲስ ነው" አልኩት። "እኛ የለካነው የዲላ ዝናብ በጠጣ ድንጋይ ነው። የእኛ አንድ ከእርስዎ አንድ ያንሳል።"

ሌላ ድንጋይ አውጥቶ ሰጠኝ። ቀስቷ እዚያው ቦታ ቆመች። ሳጅኑ ራሱን ነቀነቀና የቀረበለት ይመስል በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ያወራው እንደ ጠላት አልነበረም። የራሳቸው መለኪያ ተቃጥሏል፤ ምትክ ከጠየቀ ቆይቷል፣ የሚመጣ ነገር የለም። ሬዲዮው ዝም ካለ አለቃው ወደ ጠረፍ እንደሚልከው ነግሮታል፤ ወደዚያ የሄዱት እንዳልተመለሱ ያውቃል። እያወራ ግን ዓይኑ ባለቤቴ እጅ ላይ ነበር። የጣቶቹ ጫፍ በብየዳ የተቃጠለ ነው። የእኔ ጣት አልተቃጠለም። ሳጅኑ ሁለቱንም አየ። ሊወጣ ሲነሳ በሩ ላይ ቆመና እንዲህ አለኝ፦

"ባልሽ አያይም ብለሻል። እሺ፣ አያይም። ከቤት ሲወጣ ግን ዱላ ይያዝ።"

እንዲህ ሆኜ የመለኪያ ባለሙያ ሆንኩ። ሳጅኑ አዳዲስ ድንጋዮች ላከልን፣ ወረቀቱን እንደገና ጻፍኩ፤ የተቃጠለ መለኪያቸውን፣ የዛገ መፈተሻቸውን ተራ በተራ እያመጣ አስጠገነን። ባለቤቴ ጓዳ ሆኖ በጣቱ ይሠራል፣ እኔ ፊት ለፊት ሆኜ እረከባለሁ። ዱቄትና ላምባ ይሰጡን ነበር። በዚያ ጦር እጅ ልጆቻቸውና ወንድሞቻቸው ያለቁባቸው ሰዎች የጣልያን ዱቄት ተሸክሜ ሲያዩኝ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከአጠገቤ ፈቀቅ ይሉ ነበር። አልተቀየምኳቸውም፤ እኔም ብሆን ፈቀቅ እል ነበር። ባሌን ለማትረፍ ነው ብዬ ለማን ልንገር? ጎረቤቴ ብቻ ቃጫዋን ማምጣት አላቋረጠችም።

መጀመሪያ ላይ ዱላው መጫወቻችን ነበር። እጁን ይዤ ገበያ ስወስደው የማይወዳቸውን ሰዎች ሆን ብሎ እየተጋጨ ይቅርታ ይላል፤ ቤት ገብተን በሩን ስንዘጋ እንስቃለን። ሳጅኑ ወይም ሌላ ጣልያን በድንገት ቢጠይቀኝ እንዳልያዝ ሥራውን በሙሉ ያስተምረኝ ጀመር። ክፉ መምህር ነበር። ብየዳዬ ካላማረው አስነቅሎ ያስደግመኛል፤ እኔም ዕቃ እየወረወርኩ እጨቃጨቀዋለሁ። በመጨረሻ የእኔም ጣት ተቃጠለ፤ ያን ቀን ጫፉን ይዞ ሳመልኝና አሁን ሳጅኑ ይምጣ አለ።

ቆይቶ መሳቁን ተወ። ቤት ውስጥም ዱላውን አያስቀምጥም ነበር። ተው እንጂ፣ ማን ያይሃል ስለው፣ ሰው በድንገት ይገባል ይለኛል። ትከሻዬ ላይ ሆኖ ቀስቷን ማየቱንም አቆመ፤ ቁጥሩን ስነግረው ያምነኛል። በመጨረሻ መጠንቀቅ ለመደ ብዬ ደስ አለኝ። በሥራዬ ተማምኖብኝ ነው ብዬም ኮራሁ፤ ኩራቴን ለአባቴ ሳይቀር ነገርኳቸው።

ጣልያኖቹ ዲላን ለቀው የወጡ ዕለት መኪኖቹ በኮረብታው ቁልቁል ተሰልፈው ሲወርዱ መንገድ ዳር ቆሜ አየሁ። ሳጅኑ ከአንዱ መኪና ላይ አየኝ። እጄን ላነሳለት ነበር፤ ሰው ፈራሁና ተውኩት፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የመጨረሻው መኪና ከዓይን ሲጠፋ ከተማው በእልልታ ተናወጠ። ወደ ቤቴ ሮጥኩ። ባለቤቴ አልጋው ጫፍ ላይ ዱላውን ጉልበቱ መካከል አቁሞ ተቀምጧል። ዱላውን ከእጁ ነጠቅሁና በጓሮ በር ወደ እንሰቱ ወረወርኩት። ሄዱ፣ አለቀ፣ ከእንግዲህ ማንም አይወስድህም፣ ተነስና እንደ ሰው ተራምደህ ውጣ አልኩት። እየሳቅሁም እያለቀስኩም ነበር።

አልተነሳም። እጄን ሊይዝ እጁን ዘረጋ፤ እጄ ያለበትን ስቶ አየሩን ያዘ።

"ዱላዬን አምጪልኝ" አለኝ። "የግራው ዓይኔም ባለፈው ዝናብ ሄዷል። ካወቅሽ ሳጅኑ ፊት ታለቅሻለሽ፣ ይነቃብናል ብዬ ነው የደበቅሁሽ።"

ውጭ እልልታው አላባራም፤ እልል የሚለውን ሁሉ ያን ሰዓት ጠላሁት። ባሌ ዓይነ ስውር ነው እያልኩ ለስንቱ ስምል የኖርኩ እኔ፣ እውነት የሆነባትን ቀን ሳላውቅ አልፌያታለሁ። ወደ ጓሮ ወጣሁ። እንሰቱ ሥር በእጄ እየዳበስኩ ብዙ ፈለግሁ። ሳገኘው ጭቃውን በነጠላዬ ጠርጌ አምጥቼ እጁ ላይ አኖርኩለት።