ትርፊት መጻፍ ያቃታት ቃል

መምህርት ትርፊትን ጊምቢቹ ውስጥ የማያውቃት የለም፤ ሰባት ዓመት አስተምራለች። የማን ልጅ እንደሆነች ግን የሚያውቅ አንድም ሰው የለም። ሲጠይቋት «የሙዱላ ልጅ ነኝ» ትላለች፤ በቃ፣ ወሬው እዚያ ላይ ያልቃል። ማራኪ የተባለችው እናቷ ሙዱላ ገበያ የሸክላ ድስት እየሸጠች ነው ያስተማረቻት። ሰዉ ድስቱን ይገዛል፣ ወጡንም ይሠራበታል፤ ድስቱን የሠራችውን ሴት ግን ደጅ አስቀምጦ በኮባ ቅጠል ነው የሚያበላት። እሷ የበላችበትን ሳህን አይነካማ! ወይ ጉድ! ይህን ባወራሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ሸክላ ሠሪዎቹን የሚጠሩባት የስድብ ቃልም አለች። እዚህ አልጽፋትም፤ ትርፊት ተማሪ ቤት እስኪበቃት ሰምታታለች።

ይህቺው ትርፊት ቅዳሜና እሁድ በሚኒባስ ሆሳዕና እየተመላለሰች በሶሺዮሎጂ ማስተርሷን ትማራለች። የመመረቂያ ጽሑፌን በሸክላ ሠሪዎች መገለል ላይ ካልሠራሁ ብላ ድርቅ አለች። አማካሪዋ ዶክተር ኤሊያስ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን ቀልድ አያውቁም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት «ከዚህ በፊት የተሠራ ጥናት አሳዪኝ። እስከ ነገ ስድስት ሰዓት ካላመጣሽ ርዕስ ትቀይሪያለሽ» አሏት።

ያን ዕለት ቀኑን ሙሉ የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር ላይ ተተከለች። የጥናት ዳታቤዙ ውስጥ «ሸክላ ሠሪ» ብላ በእንግሊዝኛ ስትፈልግ የጡብ ፋብሪካና የቻይና ሳህን ይመጣላታል። «የእጅ ባለሙያ» ስትል ደግሞ የጥልፍ ንግድ። ወሽመጧ ቁርጥ አለ። ርዕስ ብትቀይር የቀራት ስለ ባጃጅ ሾፌሮች መጻፍ ነው፤ የባጃጅ ሾፌር ምን አደረጋት!

የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ኑሪ መጥቶ ከኋላዋ ቆመ።

«ቲቸር፣ ምን ጠፍቶሽ ነው?»

ነገረችው።

«ኧረ በዚህማ አታገኚውም! ብዙዎቹ አጥኚዎች ሕዝቡ በሚጠራበት ስም ነው የጻፉት። ያቺን ቃል ጻፊያት።»

«እሷማ ስድብ ናት።»

«ስድብ መሆኗን እነሱም ጽፈዋል። እኔ ልጻፍልሽ?»

«ተው አልኩህ!»

ድምፅዋ ከፍ ብሎ ኖሮ አንባቢው ሁሉ ዞረ። ኑሪ ደንግጦ «አፉ በይኝ፣ እህቴ» ብሎ ራቅ አለ። ምን ያድርግ፣ ሰውየው የሚያውቀው ነገር የለ።

ትርፊት ፊቷ እንደ በርበሬ ቀልቶ ተቀመጠች። ራሷንም መጠየቅ ጀመረች። ቃሏን የፈራኋት ስድብ ስለሆነች ነው ወይስ ሰው እንዳያውቅብኝ? ሰው እንዳያውቅባት ነበር። ያን ለራሷ ስታምን እንባዋ መጣ። እንባዋን ጠርጋ ቃሏን በአንድ ጣት፣ ፊደል በፊደል ጻፈቻትና «ፈልግ» የሚለውን ተጫነች።

ኧረ የጌታ ያለህ! ገጹ ሞላ! ስለ መሬት፣ ስለ ጋብቻ፣ ስለ መቃብር ቦታ፣ ስለ ኮባ ቅጠሉ ሳይቀር ተጽፏል። የሀዲያ ጥናት አለ፣ የከምባታ አለ፣ የጠምባሮም አለ። ሰው አይቶታል ለካ! ትርፊት አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ኑሪን ጠርታ «ስለጮህኩብህ ይቅርታ፣ ወንድሜ» አለችው፤ እሱም እየሳቀ አስራ አንድ ጥናት አተመላት።

እሁድ ዶክተር ኤሊያስ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አገላበጡ።

«ይሄማ ተትረፍርፏል» አሉ በመጨረሻ። «ርዕሱ ጸድቋል።»

ትርፊት ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። ዶክተሩ ግን አልጨረሱም።

«አንድ ነገር ይቸግርሻል። እነዚህ ሰዎች ብዙ ተንቀዋል፤ ለእንግዳ አፋቸውን አይከፍቱም። እቤታቸው ማን ያስገባሻል?»

እንደ ልማዷ «ሰው እፈልጋለሁ» ብላ ማለፍ ትችል ነበር። አፏ ላይም ደርሶ ነበር።

«እናቴ» አለች።

«እናትሽ እዚያ ሰው ታውቃለች?»

«እናቴ ድስት ሠሪ ናት፣ ዶክተር። እኔም የእነሱ ልጅ ነኝ።»

ተናገረችው! ጣሪያው አልወረደም፣ መሬቱም አልተሰነጠቀም። ዶክተር ኤሊያስ መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋት።

«ይሄን ሁሉ ጊዜ እንዴት ሳትነግሪኝ?»

«ይኸው ነገርኩዎት» አለች ትርፊት፣ እፎይ ብላ።