ስፒከሩን ምረጪ

ባሌ ከሞተ በስድስተኛው ወር ወንድሜ ከሜልቦርን ደወለና «ስፒከሩን ምረጪ» አለኝ።

የመምህራን ክፍል ውስጥ ተቀምጬ የአስረኛ ክፍል የፊዚክስ ፈተና እያረምኩ ነበር። ወንድሜ በአራት ዓመት ታናሼ ነው። አውስትራሊያ ከገባ ብዙ ጊዜው ነው፤ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል። በሚቀጥለው ወር ለእረፍት እንደሚመጣ፣ ለባሌ ቃል የገባለትንም ስፒከር ይዞ መምጣት እንደሚፈልግ ነገረኝ።

«እሱ እኮ የለም» አልኩት።

«አውቃለሁ። ቃሌ ግን አለ። አንቺ ምረጪ፣ እኔ ላምጣ።»

«እሺ» አልኩ።

ያን ሰሞን ለሁሉም ነገር እሺ እል ነበር። ኢዳዬን፣ አራቱን ወር ከአስር ቀን፣ ቤት ተቀምጬ ጨርሼ ወደ ሥራ ስመለስ ርዕሰ መምህሩ ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ ልስጥሽ ወይ ቢለኝ እሺ አልኩ። ጎረቤቴ ዶሮዎቼን ግቢሽ ላሳድራቸው ብትለኝ እሺ አልኩ። እምቢ ለማለት ምክንያት መፈለግ አለ፤ እሺ ግን ምንም አይጠይቅም። አዝነሽ ነበር ወይ ብባል፣ ጥርስ ሊነቀል ሲል መርፌ እንደተወጋ ድድ ነበርኩ። ሲነኩት መነካቱን ያውቃል፤ ከዚያ በላይ የለም።

ባሌ ከጅማ ወጣ ብላ የምትገኘው የየቡ ልጅ ነው። የግብርና ባለሙያ ነበር፤ ሥራው የቡና ተክል መከታተል ስለሆነ ዛሬ የቡ፣ ነገ ደዶ፣ ከነገ ወዲያ ሌላ ቀበሌ፣ በሞተር ሳይክል ይዞር ነበር። ቤት ሲገባ ጭቃ የያዘ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ የሚከፍታት አንዲት አምፕሊፋየር ነበረችው። ኮሌጅ ያስተምር የነበረ የውጭ አገር ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ የሸጠለት ናት። አብረዋት የመጡት ስፒከሮች አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሲመለስ ተቃጠሉ። ከዚያ በኋላ ገበያ ላይ የሚገኙትን ገዝቶ ሞከረ። «እነዚህ ይጮኻሉ እንጂ አይናገሩም» ብሎ ለእህቱ ልጅ ሰጣቸው።

ጉበቱን ሲታመም አልጋውን ወደ ሳሎን አወጣነው፤ መኝታ ቤታችን ጠባብና እርጥበት የሚበዛበት ስለነበረ። እዚያ አልጋ ላይ ስምንት ወር ተኛ። መቀመጥ ሲያቅተው ስልኩን ደረቱ ላይ አቁሞ ስለ ስፒከር የሚያወሩ ቪዲዮዎች ያይ ነበር። ወንድሜ የላከለት አንዱን ደጋግሞ አይቶታል። ከሜልቦርን ወጣ ብሎ፣ ጋራዥ በመሰለ ቤት፣ ፀጉሩ የሸበተ ሰው የስፒከር ሳጥን በእጁ ይልጋል። ብዙ አይናገርም። ይልጋል፣ አቧራውን እፍ ይላል፣ እንደገና ይልጋል።

ሌላው ምርጫው ስሙ የታወቀ የአውሮፓ ፋብሪካ የሚያወጣው ነበር። ጠዋት «የሰውየውን ነው የምፈልገው፣ ያገሩን እንጨት በእጁ የሰራውን» ይላል። ከሰዓት በኋላ «አይ፣ የታወቀው ይሻላል፣ ያልታወቀ ነገር ምን ይታወቃል» ይላል። እኔ ትራሱን እያስተካከልኩ «ሲሻልህ ትመርጣለህ» እለዋለሁ። «ኤ፣ ሲሻለኝ» ይላል። አልተሻለውም።

ወንድሜ በነጋታው ቅዳሜ ከስፒከር ሱቅ ውስጥ በቪዲዮ ደወለ። እሱ ጋ ከሰዓት በኋላ ነው፤ እኔ ጋ ጅማ፣ መንደራ ቆጪ ሰፈር፣ ገና ከጠዋቱ አንድ ሰዓት። ማጠናከሪያ ትምህርት ስለነበረኝ ለብሼ፣ ሻይዬን ቆሜ እየጠጣሁ ነበር። ወንድሜ ሻጩን አሳየኝ፤ ሻጩ እጁን አወዛወዘልኝ። ከዚያ ወንድሜ ስልኩን ለስፒከሮቹ አስጠግቶ መጀመሪያ የፋብሪካውን አጫወተ፣ ቀጥሎ የሰውየውን።

«ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

«የትኛው ይሻላል?»

«ሁለቱም ያንተን ስልክ ይመስላሉ።»

ሳቀ። ሻጩ ምን አለች ብሎ ሲጠይቀው ተረጎመለት፤ እሱም ሳቀ። ከዚያ ሻጩ ቁም ነገር ጀመረ። ክፍሉ ምን ያህል ነው? ግድግዳው ምንድን ነው? ጭቃ ነው፣ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ አልኩት። የክፍሉን ርዝመት በእርምጃ ልለካ ከበሩ ተነሳሁ፤ መሃል ላይ ስደርስ አልጋው ስላለ ዞሬ አለፍኩ።

«ስትሰሚ የት ነው የምትቀመጪው ይልሻል» አለ ወንድሜ።

ዙሪያውን አየሁ። ሁለቱ ወንበሮች አልጋው ቦታቸውን ስለወሰደባቸው ኮሪደር ላይ እንደተደራረቡ ናቸው።

«አልጋው ላይ» አልኩ።

ወንድሜ አልተረጎመም።

«አልጋው አሁንም እዚያው ነው?»

«የት ይሄዳል?»

«እሺ። ተይው። ብቻ ምረጪልኝ።»

አንድ ነገር ጠየቅኩ። የሚሰራውን ሽማግሌ ሻጩ ያውቀዋል ወይ? ያውቀዋል አለ። ሐሙስ ሐሙስ ራሱ በመኪናው ያመጣል፤ ከተበላሸም መልሶ የሚሰራው እሱ ራሱ ነው፣ ከዚህ አርባ ደቂቃ ነው ቤቱ።

«እኔ አርባ ደቂቃ ላይ አይደለሁም» አልኩ።

«እሱን ነግሬዋለሁ» አለ ወንድሜ። «የትኛውን?»

«የሽማግሌውን አምጣ።»

በኋላ ሰዎች ለምን ያንን መረጥሽ ሲሉኝ፣ የዚያው አገር ሰው በእጁ ለፍቶ የሰራው ስለሆነ፣ ባሌም እሱን ስለወደደ፣ እላለሁ። እውነቱ ግን ባጃጁ በር ላይ ጥሩምባውን ነፍቶ ነበር፤ ተማሪዎች ይጠብቁኛል፤ የመጨረሻ የሰማሁት የሽማግሌውን ነበር። እንዲሁ ነው የመረጥኩት።

በማግስቱ እሁድ የቡ ወደ ባሌ እናት ሄድኩ። በየሁለት ሳምንቱ እሄድ ነበር፤ ሚኒባሱ ያደርሰኛል፣ ተቀምጬ እመለሳለሁ። ደጃቸው የቡና ማድረቂያው አልጋ ላይ ጎንበስ ብለው የተበላሸውን ፍሬ እየለቀሙ አገኘኋቸው። ከጎናቸው ቆሜ እኔም መልቀም ጀመርኩ። ስፒከር ሊመጣ መሆኑን ነገርኳቸው። በለቅሶ ቤት ዘፈን ልታስገቢ ነው እንዳይሉኝ ጠብቄያለሁ፤ ቢሉኝም እሺ ልል ነበር፤ ወንድሜን አታምጣ እለው ነበር።

«ልጄ ነው የፈለገው?» አሉ።

«አዎ እማዬ።»

«ቁርአንም ይሰማበታል?»

«ይሰማበታል።»

«ታዲያ እኔን ምን አስጠየቀሽ?»

እጃቸው ሥራውን አላቆመም። ጥቁሩን ፍሬ ወደ መሬት፣ ደህናውን ወደ መሃል። ስሄድ አቮካዶ በፌስታል ሞልተው ሰጡኝ። ቤት አድርሼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት፤ ሲበሰብስ ጎረቤቴ ለዶሮዎቹ ወሰደችው።

ወንድሜ መጣ። ልብሱን ትቶ ሁለቱን ሻንጣ በስፒከሮቹ ሞልቷል፤ ራሱ ሦስት ቀን የባሌን ሸሚዝ ለበሰ። ትልቅ ሆኖበት እጅጌውን ሲጠቀልል ሳይ አንድ ነገር ይሰማኛል ብዬ ጠበቅኩ። እጅጌው መተኮስ እንደሚያስፈልገው ነው ያየሁት።

ስፒከሮቹ የእንጨታቸው ቀለም እንደ ደረቀ ቀይ አፈር ነው። የዚያው አገር ዛፍ ነው፣ ጃራ ይሉታል፣ አለኝ። መሬት ላይ አይቀመጡም፤ ማቆሚያ ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ ጎረቤታችንን ሐጂን ጠራናቸው። ሐጂ የጅማ አናጢ ናቸው፤ ከአባታቸው የወረሱት ሙያ ነው፤ በሰፈሩ ውስጥ እሳቸው ባልሰሩት በርጩማ ላይ የሚቀመጥ ሰው ያለ አይመስለኝም።

«ቢስሚላህ» ብለው ጎንበስ አሉ። «ኩን ማሊ? ምን እንጨት ነው ይሄ?» ወንድሜ ነገራቸው። በጣታቸው አንኳኩተው ሰሙ። መጋጠሚያውን በአውራ ጣታቸው ተከትለው ሄዱ፣ ማዕዘኑ ላይ ሲደርሱ ቆሙ፣ ተመልሰው እንደገና ሄዱ።

«ይሄን የሰራው ሰው አልቸኮለም» አሉ። «ሙስሊም ነው?»

«አላውቅም ሐጂ» አለ ወንድሜ።

«ለማንኛውም እጁን አላህ ይጠብቅለት። ማቆሚያው ቁመቱ ምን ያህል ይሁን?»

ወንድሜ ስፒከሩ ከሰሚው ጆሮ እኩል መሆን እንዳለበት አስረዳቸው። ሐጂ ወደኔ ዞሩ። «ሜ፣ እስቲ ተቀመጪ ልለካሽ።» ከኮሪደሩ ወንበር አመጣሁ፤ የማስቀምጥበት አጣሁ። ሐጂ ሜትራቸውን በእጃቸው ይዘው ክፍሉን አዩት፣ ልክ እንጨት እንደሚያዩት።

«አልጋው ይነሳ» አሉ።

ወንድሜ እኔን አየኝ። የባሌ እህቶች የአልጋውን ነገር ሁለት ጊዜ አንስተው፣ ሁለቴም ወሬ ቀይሬ እንዳሳለፍኩት ያውቃል።

«ይነሳ» አልኩ።

ሐጂና ወንድሜ ብሎኑን ፈቱ። ፍራሹን ግድግዳው ላይ አቆሙ። ከስር አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ግማሹ ያለቀ የክኒን ማሸጊያ፣ የቀኝ እግር ነጠላ ጫማ ተገኘ። ግራው ቀብር ሰሞን ጠፍቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ማንም ቀኙን አልፈለገም። መጥረጊያ አምጥቼ ጠረግሁ። የፕላስቲክ ምንጣፉ ላይ አልጋው የቆመባቸው አራት ጉድጓዶች ቀርተዋል። በጨርቅ አሸኋቸው፤ ጉድጓድ በጨርቅ እንደማይለቅ የማውቅ ሰው ነኝ፣ ግን አሸሁ።

ከዚያ ወንበሩን አስቀምጬ ተቀመጥኩ። ሐጂ አንድ ጉልበታቸውን አጥፈው ከወለሉ እስከ ጆሮዬ ለኩ። አንገቴን እንዳቀና ነገሩኝ። ለብዙ ጊዜ ጎብጬ እቀመጥ እንደነበር የዚያን ቀን ነው ያወቅኩት፤ ልኬቱ ሁለት ጊዜ ተለዋወጠባቸው።

አልጋውን በሐጂ ግቢ ውስጥ ክፍል የተከራየች የኮሌጅ ተማሪ ወሰደችው። ከጎንደር የመጣች ልጅ ናት፤ ፍራሽ መሬት ላይ አንጥፋ ነበር የምትተኛው። የማን እንደነበረ ነግረናታል። «ነፍስ ይማር፣ እኔ አልፈራም» አለች። ጋሪ ጠርታ ጫነችው።

የወንድሜ ፈቃድ አለቀ። ማቆሚያው ሳይደርስ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደ ሥራው ሄደ፤ ስፒከሮቹን አንድ ቀን እንኳ ቤቴ ውስጥ ሳይሰማቸው። መናኸሪያ አቅፎኝ አለቀሰ። እኔ ጀርባውን መታ መታ አደረግሁት። አውቶቡሱ ሲወጣ እጄን አነሳሁ፤ ከዚያ ገበያ ገብቼ ሽንኩርት ገዛሁ።

ሐጂ በሳምንቱ የዋንዛ ማቆሚያዎቹን ይዘው መጡ። ገመዱን እኔ አገናኘሁ፤ ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር፣ የየቀኑ ትምህርቴ ነው። መብራት አልነበረም። ሐጂ ወንበሩ ላይ፣ እኔ በርጩማ ላይ ሆነን ጠበቅን። ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ መጣ። ምን ልክፈት አልኳቸው። አንድ የኦሮምኛ መንዙማ ከስልካቸው መረጡ።

ድምፁ ከስፒከሮቹ አልመጣም፤ ከመሃላቸው፣ ከግድግዳው ፊት፣ ማንም ከሌለበት ቦታ መጣ። ሰውየው ከስንኝ ወደ ስንኝ ሲሻገር አየር ሲስብ ይሰማል። ሐጂ ጣታቸውን አነሱ።

«ሲተነፍስ ይሰማል!»

«ይሰማል።»

«ሱብሃነላህ። ይሄን መንዙማ ሃያ ዓመት ሰምቼዋለሁ፤ ሲተነፍስ ግን ሰምቼ አላውቅም። አንቺስ፣ ጥሩ ነው?»

ጥሩ መሆኑን በጆሮዬ አውቃለሁ። የቀጭኑ ድምፅ ጥራት፣ የወፍራሙ ልክ፣ አንዱ ሌላውን አለመሸፈኑ፣ ለተማሪ ላስረዳው እችል ነበር። አሁን ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ፤ እንባው፣ ወይም የሆነ ነገር። መንዙማው አለቀ፤ ቀጣዩ ጀመረ።

«አላውቅም ሐጂ» አልኳቸው።

ማቆሚያውን በእጃቸው ገፋ አድርገው አለመወዛወዙን አዩና የዓሱር ሰላት እንዳያልፋቸው ተነሱ።

ወንድሜ በየሳምንቱ ይደውል ነበር። «የመረጥሽው ጥሩ ነው?» ይላል። «ጥሩ ነው» እላለሁ። ስፒከሮቹ አብዛኛውን ቀን ጨርቅ እንደለበሱ ይውላሉ። አንዳንዴ ፈተና ሳርም እከፍታቸዋለሁ። ሙዚቃው ማለቁን የማውቀው ብዙ ወረቀት ካረምኩ በኋላ ነው።

በክረምቱ መግቢያ የባሌ እናት ዓይናቸውን ሊታከሙ ከየቡ መጥተው እኔ ጋ ሰነበቱ። ዓይኖቻቸው ተሸፍነው ሌላ የሚሠሩት ስላልነበረ ወንበሩ ላይ አስቀምጬ በስፒከሮቹ ሬዲዮ ከፈትኩላቸው። ቀኑን ሙሉ ሰሙ። ዜና ሰሙ፣ ስለ ቡና በሽታ ሰሙ፣ የማያውቁትን ኳስ ሰሙ። የሚናገሩትን ሰዎች ቤት ውስጥ ያሉ ይመስል ይመልሱላቸዋል። «ዋሽተሃል» ይላሉ። «እሱስ ዱጋ ነው፣ እውነት ነው» ይላሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤት ጎመን እየከተፍኩ ነበር።

«ጨምሪው!» አሉ ከሳሎን።

እጄን ጠርጌ ሄጄ ጨመርኩት። የአየር ትንበያ ነው። በሩ ላይ ቢላውን እንደያዝኩ ቆምኩ። የሬዲዮዋ ሴትዮ ደቡብ ምዕራቡን ጠራች፣ ጅማን ጠራች፤ ከባድ ዝናብ ይጠበቃል አለች። አንድም ቃል ሳያመልጠኝ እስከ መጨረሻው ቆሜ ሰማኋት። ከዚያ ቢላውን አስቀምጬ፣ የተሰጣውን ልብስ ከገመዱ ላይ ለማንሳት ወጣሁ።