ዮንግሆን ከየትኛው ወገን ልጻፈው

ሲኞራ ሱንጃ ሮም ውስጥ፣ ከፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ አጠገብ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። የኮሪያ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸው ሰማንያ ሁለት። በወጣትነታቸው ጀርመን አገር ነርስ ሆነው ሲሠሩ አንድ ሮማዊ ልብስ ሰፊ አግብተው እዚህ መጡ። ባላቸው ከሞቱ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗል፤ ልጅ አልወለዱም። እኔ በሳምንት ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ እየሄድኩ ቤት አጸዳላቸዋለሁ፣ ገላቸውን አጥባቸዋለሁ። የምንግባባው በጣልያንኛ ነው፤ የሁለታችንም ስብርብር ነው።

ስልካቸው የሚጮኸው ከፋርማሲያ መድኃኒት ደርሷል ሲሏቸው ብቻ ነው።

በዓመት አንድ ቀን፣ በጥቅምት ውስጥ፣ የባሕር ሣር ሾርባ ይሠራሉ። በአገራቸው ሰው በልደቱ ቀን የሚበላው ይህን ነው። ልደቱ የታላቅ ወንድማቸው የዮንግሆ ነው። ሁለት ሳህን ያቀርባሉ፤ አንዱ ሳይነካ ይቀዘቅዛል።

ዮንግሆ ሰሜን ቀርቷል። በጦርነቱ ጊዜ አባታቸው የሰባት ዓመቷን ሱንጃን አዝለው ወደ ደቡብ ሲሸሹ፣ እናታቸው ከወንድ ልጃቸው ጋር ቤት ሊጠብቁ ቀሩ። ለአንድ ሳምንት ነው ተብሎ ነበር። ጦርነቱ ሲቆም አገሩ ለሁለት እንደተከፈለ ቀረ፤ ደብዳቤ እንኳ አያልፍም። አንዳንድ ጊዜ ሁለቱ መንግሥታት የተነጣጠሉ ቤተሰቦችን በዕጣ ለጥቂት ቀን ያገናኙ ነበር። ሲኞራም በአክስታቸው ልጅ በኩል ተመዝግበው ነበር፤ ዕጣው አልወጣላቸውም። አሁን ያም ቀርቷል።

የእኔ እህት ደግሞ አስመራ ነበረች። ኢትዮጵያና ኤርትራ ተጣልተው ስልኩ ሲቆረጥ እኔ አዲስ አበባ ነበርኩ። ሃያ ዓመት ሙሉ ስሟን በቤተ ክርስቲያን ከሕያዋን ጋር አስጠራሁ። መስመሩ ሲከፈት ደወልኩ፤ ልጇ አነሳች። እህቴ ከሞተች አራት ዓመት ሆኗት ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ያለ ጸሎተ ፍትሐት መቆየቷ ከውስጤ አልወጣ አለ።

ፊደል የቆጠርኩት ከስድሳ ዓመቴ በኋላ ስለሆነ የሚጸለይላቸውን ሰዎች ስም አሁን በራሴ እጅ እጽፋለሁ፤ ሕያዋኑን በአንድ ረድፍ፣ ሙታኑን በሌላ። ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ እሑድ፣ ከሙታኑ ረድፍ መጨረሻ ላይ ዮንግሆን ጨመርኩ። ሰማንያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ሞቷል ብዬ ፈረድኩ።

"ይሄ ደግሞ ማነው?" አለኝ ዲያቆን አክሊሉ ወረቀቱን ተቀብሎ።

"የአሠሪዬ ወንድም።"

"ክርስትና ስሙስ?"

"ከየት አምጥቶ?"

"አሎራ፣ እንግዲህ እማማ፣ ምን ብዬ ልጥራው?"

"እንደጻፍኩት። እግዚአብሔር ያውቀዋል፤ አንተ ብቻ አትሳሳት።"

ሳቀና ወሰደው።

በማግስቱ ልደቱ ነበር። ሲኞራ ሾርባውን ሲያማስሉ፣ ደስ ይላቸዋል ብዬ ለወንድማቸው ከሙታን ጋር ማስጸለዬን ነገርኳቸው። ጭልፋው እጃቸው ላይ ቆመ።

"ከማን ሰማሽ?"

"ምኑን?"

"መሞቱን።"

ወሬ የመጣ መስሏቸዋል። "ከማንም አልሰማሁም ሲኞራ። ዕድሜውን ቆጥሬ ነው።"

እሳቱን አጥፍተው ተቀመጡ። "መቁጠርማ እኔም እችላለሁ" አሉ። "በየዓመቱ እቆጥራለሁ። አንቺ ግን ጻፍሽው። ዛሬ ወደ ቤትሽ ሂጂ።"

ደረጃውን ስወርድ ያደረግኩት ገባኝ። በምድር ላይ የቀራቸው አንድ ሰው እሱ ነው፤ እኔ ሳልጠየቅ ቀበርኩባቸው።

ረቡዕ ጠዋት ዲያቆኑ ዘንድ ሄድኩ።

"የተጸለየ ጸሎት እንዴት ይመለሳል እማማ?" አለኝ።

"መመለሱን ተወው። ወረቀቱን ስጠኝ፤ ለእሑድ እመልሰዋለሁ።"

ዮንግሆን ሰርዤ ከሕያዋኑ ረድፍ፣ ከልጅ ልጄ ከሳምራዊት ሥር ጻፍኩት። ከሰዓት በኋላ ወረቀቱን ይዤ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። ሲኞራ በሩን ከፈቱልኝ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት።

"የቱ ነው እሱ?"

አሳየኋቸው። ጣታቸውን ስሙ ላይ አድርገው ቆዩ። ከዚያ ወደ ሌላው ረድፍ አመለከቱ። "እነዚህስ?"

"የሞቱት ናቸው። እህቴ ይቺት።"

መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጠረጉ። "እናቴ ብትኖር መቶ አሥር ዓመት ያልፋታል" አሉ። "ልደቷን ስለማላውቀው ሾርባ ሠርቼላት አላውቅም። ከእህትሽ ሥር ጻፊያት።"

"ስማቸውን ማን ልበል?"

"አባቴ በስሟ ሲጠራት አልሰማሁም። በእኛ አገር እናት የምትጠራው በልጇ ነው። የዮንግሆ እናት በያት።"

ጻፍኩ። እስክጨርስ ድረስ እጄን ሲያዩ ቆይተው፣ ስጨርስ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ሰባ አምስት ዓመት የዘገየ መርዶ ነው። በእኛ ደንብ መርዶ የሰማ ሰው ብቻውን አይተውም፤ ልደር አልኳቸው።

"ኖ" አሉኝ። "ሳምራዊትን ከትምህርት ቤት የምታመጫት አንቺ ነሽ። ሂጂ።"

ካፖርቴን ለበስኩ። ወረቀቱን ላጥፈው ስል እጄን ያዙኝ።

"እስከ እሑድ እዚሁ ተዪው።"

ተውኩላቸው።